«በሞቴ!» ይብቃ



የዐቢይ ጾም 55 ቀን እየተገባደደ ነው። የቅርጫው ስም ዝርዝር ሞልቷል፤ የዶሮ ዋጋ በየቀኑ ይወራል፤ ሽንኩርት የገዛ ገዝቷል፣ ያልገዛም ከገበያ ገበያ ይዞራል። የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት በዓል ሲደርስ በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቅርጫው ገንዘብ፣ ስለ እሳት ጥንቃቄና ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ማሳሰቢያ መለጠፉ የታወቀ ነው። የዘንድሮው ጽሑፍ ግን ከወትሮው ረዘም ይላል። ምክንያቱም ከእሳትም ከቆሻሻም ያልተናነሰ ጉዳት የሚያደርስ ነገር በየማዕዳችን ላይ ስላለ ነው። ስለዚህ ቆም ብላችሁ እንድታነቡት፣ ማንበብ ለማይችሉ አዛውንቶቻችንም እንድታነቡላቸው እንጠይቃለን።

ነገሩ «በሞቴ» የሚባለው ነው።

«በሞቴ ብዪ!» «አፈር ስሆንልሽ፣ ይቺን ብቻ!» «ካልጎረስሽማ ቅበሪኝ!» በበዓል ቀን ይህ የማይሰማበት ቤት የለም። ጤነኛ ሰው ሲሰማው ስቆ ይጎርሳል፤ አለዚያም «ጠገብኩ፣ ተዪኝ» ብሎ እጁን ይታጠባል። ነገሩ በጨዋታ ያልፋል። ነገር ግን በመካከላችን የአመጋገብ ሕመም ያደረባቸው፣ ሐኪም ዘንድ እየተመላለሱ ከዚያ ሕመም ለመውጣት ቀንና ሌሊት የሚታገሉ ልጆችና ጎልማሶች አሉ። ለእነሱ «በሞቴ» ጨዋታ አይደለም። የወራት ድካማቸውን በአንድ ምሳ ላይ የሚያፈርስ መዶሻ ነው።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። ቤተሰቡ ስም ሳይጠራ ይጻፍ ብሎ ስለፈቀደልን እንናገራለን። ባለፈው ገና ከማኅበራችን አባላት በአንዱ ቤት የታመመች ልጅ ነበረች። ወራት ሙሉ ሐኪም ባዘዘላት መሠረት በሰዓት በሰዓቱ፣ በልክ በልኩ መብላት ጀምራ፣ እናቷም እፎይ ማለት ጀምራ ነበር። በበዓሉ ዕለት እንግዳ ገባ። አንዷ ከግራ አንዷ ከቀኝ ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ» አሉ። ልጅቷ «በልቻለሁ» አለች። «አልሰማንም» አሉ። በዚህ ላይ አንዱ ከሶፋው ላይ ሆኖ «እሰይ፣ አሁንማ ፊቷ ሞላ፣ ወፈረች እኮ!» አለ። እሱ ምስጋና መስሎታል። ልጅቷ ግን ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሕመሙ አገረሸባት፤ ምግብ ሲቀርብላት ታለቅሳለች። ጥምቀት ሲመጣ ቤተሰቡ በሩን ዘግቶ ዋለ። አሁን ደግሞ በፋሲካ ማግሥት በሚደረገው የማኅበራችን የጋራ ማዕድ ላይ እንደማይገኙ አስታወቁን።

እስቲ እናስበው። ይህ ማኅበር የተቋቋመው ለምንድን ነው? ማንም ሰው ብቻውን እንዳይቀበር፣ ማንም ሰው ብቻውን በዓል እንዳይውል አይደለም ወይ? ሐዘን ሲሆን ድንኳን ይዘን የምንሮጥ ሰዎች፣ በደስታ ቀን አንድን ቤት በር አስዘግተን እኛ ዶሮ ስንበላ ብንውል ምኑን ማኅበር ሆንን?

ይህንን ነገር ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስናነሣ ከአንዳንድ አባላት ተቃውሞ ቀርቦ ነበር። በስብሰባው ላይ ሰዓቱ ስላልበቃን መልሱን እዚህ አንድ በአንድ እንሰጣለን። በሽታው ምን እንደሆነ ያለማወቅ ስለታየም አስቀድመን ከሐኪሞች የተረዳነውን በአጭሩ እናስቀምጣለን።

የአመጋገብ ሕመም የአእምሮ ሕመም ነው፤ አካልንም ይጎዳል። በብዛት የሚታወቁት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው አኖሬክሲያ ይባላል፤ ሰውዬው ሰውነቱ እየመነመነ ሳለ ውፍረትን በመፍራት ምግብን ይሸሻል። ሁለተኛው ቡሊሚያ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ይበላና ከዚያ በማስመለስ፣ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት በመውሰድ፣ ወይም ራስን በማስራብ የተበላውን ለማካካስ ይሞክራል። ሦስተኛው ያለ ልክ የመብላት ሕመም ነው፤ ሳይርበው፣ ብዙ ጊዜም ተደብቆ፣ ማቆም እያቃተው ይበላና ኋላ በራሱ ያፍራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ከስቶ ሊታይ ይችላል፤ ሁለተኛው እንደማንኛችንም ይመስላል፤ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው። ሴትም ወንድም ይይዛል። ስለዚህ በዓይን አይቶ «ይሄ ደህና ነው፣ ያቺ ታማለች» ማለት አይቻልም።

ቀላል በሽታም አይደለም። አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው። በቡሊሚያ አዘውትሮ የሚያስመልስ ሰው በደሙ ውስጥ ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሰውና የልብ ምቱ ይዛባል፤ ጥርሱም በሆድ አሲድ ይበላል። እንግዲህ እየተናገርን ያለነው ስለ ሰው ሕይወት እንጂ ስለ አንዲት ቅምጥል ልጅ ኩርፊያ አይደለም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ።

አንደኛው፣ «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ አገር የምግብ እጦት እንጂ የምግብ በሽታ የለም» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ አኖሬክሲያ የሚለውን ስም ያወጡት ፈረንጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1873 ለንደን ላይ ዊሊያም ጋል፣ ፓሪስ ላይ ደግሞ ላሴግ የተባሉ ሐኪሞች ጻፉበት። ቡሊሚያንም እ.ኤ.አ. በ1979 ጄራልድ ራስል የተባለ የእንግሊዝ አገር ሐኪም ለይቶ አስታወቀ። ታዲያ ምን ይሁን? የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1882 ያገኘው ሮበርት ኮህ ጀርመናዊ ነበር። ነቀርሳ የጀርመን በሽታ ነው ብሎ መድኃኒቱን የተወ ሰው አለ እንዴ? በሽታ ፓስፖርት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የሐኪሞች ጥናት በጋና አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች መካከል በገዛ ፈቃዳቸው ራሳቸውን በረሃብ የጎዱ ልጆችን አግኝቷል። እነዚያ ልጆች እንደ አውሮፓ ልጆች «መቅጠን እንፈልጋለን» አላሉም፤ የሚናገሩት ስለ ጾምና ራስን ስለ መግዛት ነበር። ጋና አፍሪካ ናት። ጾምን ደግሞ እኛም እናውቀዋለን። እንግዲህ በሽታው በየአገሩ የአገሩን ልብስ ለብሶ እንደሚመጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው፣ «ግትርነት ነው፤ ጥጋብ ነው፤ ብትራብ ትበላ ነበር» የሚለው ነው። ይህንን የሚሉ ሰዎች ረሃብ አእምሮን ምን እንደሚያደርግ አያውቁም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባለ ሊቅ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ወደ ስድስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ በጣም ተቀንሶ በሚሰጥ ምግብ አቆያቸው። ዓላማው በጦርነቱ ለተራቡ ሕዝቦች ዕርዳታ የሚሆን ዕውቀት ለማግኘት ነበር። እነዚያ ጤነኛ ወጣቶች ምን ሆኑ? ከምግብ በቀር ሌላ ማሰብ አቃታቸው፤ ወጥ ሠርተው የማያውቁ ሰዎች የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመሩ፤ ተነጫነጩ፤ ከሰው ተለዩ፤ አዘኑ። ምግቡ ሲፈቀድላቸውም ብዙዎቹ ሆዳቸው ሞልቶ እንኳ የጠገቡ አልመስል እያላቸው ተቸገሩ። ወደ ቀድሞ አመጋገባቸው ለመመለስ ወራት የወሰደባቸው አሉ። እነዚህ እኮ የተመረጡ ጤነኞች ነበሩ! ራሷን በረሃብ ስትጎዳ የቆየች ልጅ በአንድ ቀን «ብዪ» ሲሏት እንደ ማንም ሰው አለመብላቷ ግትርነት ሳይሆን ሕመሙ ራሱ ነው። የታመመ እግር አልራመድ ሲል «ግትር እግር» ብለን አንሰድበውም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚያሳስበው፣ «የማይበላ ሰው ካልተገፋ እንዴት ይድናል? የምንገፋው እኮ ስለምናዝን ነው» የሚለው ነው። ማዘናችሁን አንክድም። ነገር ግን ምን እንደሚደረግ ማዘን ብቻውን አያስተምርም። የ1977ቱን ድርቅ የምታስታውሱ አላችሁ። ኮረምና ሌሎቹም ጣቢያዎች በረሃብ ተጎድቶ የመጣ ሰው በአንድ ጊዜ ጠግቦ እንዲበላ አይደረግም ነበር፤ ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፣ በባለሙያ እጅ ነበር የሚመገበው። ዛሬም በጣም የተጎዳ ሕፃን ወደ ሆስፒታል ሲገባ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የሚባል በልክ የተዘጋጀ ወተት ነው፤ ከበድ ያለው ምግብ የሚከተለው ሰውነቱ ሲረጋጋ ነው። ይህ የሆነበት ምክንያት አለ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት፣ በተለይ ፎስፌት የሚባለው፣ በፍጥነት ወርደው ልቡን ሊያቆሙት ይችላሉ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ከእስር ካምፖች በሕይወት ከወጡት ሰዎች ምግብ በድንገት ጠግበው በመብላታቸው የሞቱ ነበሩ። ስለዚህ በጣም ለከሳ ሰው አንድ ሳህን ክትፎ በ«በሞቴ» መግፋት ማዘን ብቻ ሳይሆን ማወቅም ይጠይቃል።

ይህን ስንል «ካልበላች ተዉአት» ማለታችን እንዳልሆነ በግልጽ ይታወቅ። በሕክምናው ቤተሰብ ትልቅ ሥራ አለው። በተለይ ለልጆች፣ እናትና አባት ከሐኪም ጋር ተስማምተው ምግቡን ራሳቸው አቅርበው፣ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ሳይጮኹና ሳይሰለቹ እስክትጨርስ የሚጠብቁበት የሕክምና ዓይነት አለ፤ ውጤቱም የተመሰከረለት ነው። ነገር ግን ይህ የወላጅና የሐኪም ሥራ ነው። መጠኑን ያውቃሉ፣ ሰዓቱን ያውቃሉ፣ ነገም ከነገ ወዲያም አጠገቧ አሉ። እንግዳ ግን አጉርሶ ይሄዳል። የበሽታውን ሌሊት የሚያድረው ቤተሰቡ ነው። ደግሞስ ጉርሻው ያረፈው ያለ ልክ የመብላት ሕመም ባለበት ሰው አፍ ላይ ቢሆንስ? እሱ «ይበቃኛል» ለማለት ስንት ወር ሲለማመድ እንደከረመ ማን አወቀለት? አንዱን በልክ መብላት፣ ሌላውን በልክ ማቆም ነው የሚያድነው። «በሞቴ» ሁለቱንም ያበላሻል።

አራተኛው፣ «ጉርሻ ባህላችን ነው፤ ባህላችንን አትንኩ» የሚለው ነው። ጉርሻ መልካም ባህል ነው፤ እንዲጠፋም አንፈልግም። ጥያቄው «አይ» የሚለውን ቃል ማክበር ባህላችን አይደለም ወይ የሚለው ነው። ባህላችን ነው እንጂ! በሰፈራችን ክርስቲያንና ሙስሊም ለዘመናት አብሮ ኖሯል። በሠርግም በሐዘንም ለሙስሊም ጎረቤታችን በራሱ ወገን የታረደ ሥጋ በሌላ ድስት ለብቻ ይሠራለታል፤ እሱም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ። «በሞቴ የእኛን ሥጋ ቅመስ» ብሎ የሚገፋ ሰው አይተን አናውቅም። ቢኖር ነውረኛ ይባላል። ለጾመኛም ቅቤ ያለበት ወጥ አንገፋም። የስኳር በሽታ ላለበት ሽማግሌ ስኳር የሞላበት ሻይ አንገፋም። እንግዲህ የሃይማኖትን «አይ» ካከበርን፣ የስኳር በሽታን «አይ» ካከበርን፣ የዚህን ሕመም «አይ» ማክበር እንዴት ባህል ማፍረስ ይሆናል? ጉርሻ የሚያምረው ተቀባዩ አፉን በፈቃዱ ሲከፍት ነው። በግድ ከሆነ ጉርሻነቱ ይቀርና ጉልበት ይሆናል።

ከእጅ ይልቅ የከፋው ደግሞ ምላስ ነው። በበዓል ቀን ሰው ሰላም ሲባባል ገና ከደጃፍ የሰውነት ሚዛን ይጀመራል። «ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ?» «ውይ ወፈርክ፣ ቦርጭ አወጣህ!» «አሁን አማረብሽ፣ ሥጋ ለበስሽ!» ሰላምታ ነው እንዴ ይሄ? ይህች ቃል ለእኛ ስትወጣ ቀላል ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አትመለስም። «ወፈርሽ» የሚለው ቃል ከአኖሬክሲያ ለማገገም በምትታገል ልጅ ጆሮ ውስጥ ሲገባ፣ ሕመሙ ሌት ተቀን የሚላትን ነገር ያጸናላታል። «ከሳሽ» የሚለውም ሕመሙን እንደ ማሞገስ ሆኖ ይሰማታል። «ደህና ትመስያለሽ» እንኳ ሲባል «ወፍሬያለሁ ማለት ነው» ብላ የምትተረጉም አለች። ታዲያ ምን እንበል? «እንኳን መጣሽ፤ ናፍቀሽን ነበር» ማለት በቂ ነው። ይህን የሚያህል ሰላምታ ምንም አይጎድለውም።

ወፍሮ መታየትም መዳን አይደለም። ብዙዎቻችን በሬዲዮ ድምፅዋን የሰማናት አሜሪካዊት ዘፋኝ ካረን ካርፐንተር በአኖሬክሲያ ስትሠቃይ ኖራ፣ ታክማ፣ ክብደትም ጨምራ ከተመለሰች በኋላ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1983 በ32 ዓመቷ ልቧ ደክሞ ሞተች። ክብደቷ ቢጨምርም ልቧ ከዓመታት ጉዳቱ ገና አላገገመም ነበር። ስለዚህ «ወፍራለችና ድናለች፣ አሁን እንደፈለግን እንቀልድ» የሚለው ሐሳብ የተሳሳተ ነው። ማገገም ዓመታት ይፈጃል፤ መሃል ላይም መውደቅ መነሣት አለበት።

ሌላው የቡናው ወሬ ነው። ይህ ጉዳይ በስብሰባ ላይ ከተነሣ ወዲህ ከአቦል እስከ በረካ «ማን ናት? የማን ልጅ ናት? አማኑኤል ታየች አሉ» የሚል ጥያቄ ሲዞር ሰንብቷል። በጥብቅ እናሳስባለን፤ አትጠይቁ። ማን እንደሆነች ማወቁ ለማንም አይጠቅምም። አማኑኤልም ቢሆን ሌላ ሆስፒታል መታየት እንደ ዓይን ሕክምና ወይም እንደ ጥርስ ሕክምና የሚቆጠር እንጂ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን እንተርታለን፤ በሽታውን የገለጠውን ሰው ግን መነጋገሪያ እናደርገዋለን። እንዲህ ከሆነ ማን ይገልጣል? ነገ የራሳችን ልጅ ብትታመም ወዴት እንወስዳታለን?

አሁን ደግሞ ለታመማችሁት ወገኖቻችንና ለቤተሰቦቻችሁ ጥቂት ቃል አለን። ከሐኪሞች የተረዳነው ነው፤ የራሳችሁን ሐኪም ምክር አይተካም።

ለበዓሉ ምሳ ቦታ ለመተው ብላችሁ ጠዋት ሳትበሉ አትቆዩ። ረሃቡ ኋላ ያለ ልክ ለመብላትም፣ ጨርሶ ለመዝጋትም ይዳርጋል። የዘወትር የምግብ ሰዓታችሁን በበዓልም ጠብቁ። ከበዓሉ በፊት ምን፣ መቼና ከማን ጋር እንደምትበሉ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ። በትሪ አብሮ መብላት ካስጨነቃችሁ በሳህን ለብቻ ማውጣት ነውር የለውም። አጠገባችሁ የሚቀመጥ፣ «ተዉአት፣ በልታለች» የሚል አንድ ሰው ምረጡ፤ እህትም ወንድምም አክስትም ይሁን። ሲጨንቃችሁ ወደ ውጭ ወጥታችሁ አየር ወስዳችሁ ተመለሱ። ከምግብ በኋላ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ቡና ማፍላትም ሆነ ከልጆች ጋር መጫወት ያግዛል። አንድ ምግብ ቢበላሽባችሁ በዓሉ ተበላሸ፣ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ የሚቀጥለውን ምግብ በሰዓቱ ብሉ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ጥሪ እንደሚበዛ ይታወቃል፤ ሁሉም ቤት መሄድ ግዴታ አይደለም።

ስለ ጾምም አንድ ነገር እንበል። በማገገም ላይ ያለ ሰው መጾም አለመጾሙን ብቻውን አይወስን። ከሐኪሙና ከነፍስ አባቱ ጋር ይማከር። ቤተ ክርስቲያናችን ለታመመ ሰው ጾምን እንደምታቀል ካህናት ያስተምራሉ፤ በእስልምናም የታመመ ሰው በረመዳን እንዳይጾም የተፈቀደለት ነው። ስለዚህ ልጅቷ በጾም ወራት ሐኪም ያዘዘላትን ስትበላ ያየ ሰው «ጾም ገደፈች» ብሎ ጣቱን ባይቀስር መልካም ነው። የሚፈርድ ሌላ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ጾሙ ካለቀ በኋላም «ጾም ላይ ነኝ» እያለ ከምግብ የሚሸሽ፣ ከማዕድ እንደተነሣ ወዲያው መጸዳጃ ቤት የሚዘጋበት ልጅ ያለው ወላጅ፣ «ለጽድቅ ነው» ብሎ አይለፈው። ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ ብቻውን ያነጋግረው። ራሱን የሳተ፣ ልቡ ያለ ቅጥ የሚመታ፣ ደም ያስመለሰ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ካለ ግን በዓሉ እስኪያልፍ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ለመኪና ችግር ቢሆን የማኅበሩን ኃላፊዎች በማንኛውም ሰዓት፣ በፋሲካ ሌሊትም ቢሆን፣ በር አንኳኩ።

ከዚህ በላይ በተዘረዘረው ምክንያት፣ በፋሲካ ማግሥት በሚደረገው የማኅበራችን የጋራ ማዕድ ላይ የሚከተለው እንዲፈጸም የሥራ አመራሩ ወስኗል።

1ኛ. በትልቁ ትሪ ከሚቀርበው ሌላ፣ የሚፈልግ ሁሉ ራሱ እያነሣ የሚበላበት ሳህንና ምግብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይዘጋጃል። ማን ከየትኛው በላ ብሎ መከታተል አይፈቀድም።

2ኛ. «በቃኝ» ያለ ሰው በቅቶታል። ሁለተኛ አይጠየቅም፤ አይማልበትም።

3ኛ. ጉርሻ ለመስጠት የፈለገ አስቀድሞ ይጠይቅ። «እሺ» ከተባለ ያጉርስ፤ «አይ» ከተባለ እጁን ይመልስ፤ አይኮርፍ።

4ኛ. ስለ ማንም ሰው መክሳትና መወፈር በማዕዱ ላይ አይነገር። ይህ ለሕፃናትም ይጠበቃል።

5ኛ. አስተናጋጆች ይህን የማስከበር ኃላፊነት አለባቸው። «ተዪ፣ በቃት» ሲሉ የሚሰማ ሁሉ እንደ ድፍረት አይቁጠርባቸው።

6ኛ. ማዕዱ ላይ መገኘት እንጂ መብላት ግዴታ አይደለም። መጥቶ ቡና ብቻ የጠጣ፣ ወይም ተጫውቶ ብቻ የሄደ ሰው በዓሉን ከእኛ ጋር አክብሯል።

እነዚህን ነጥቦች «ከባድ ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ ምኑ ነው የከበደው? ገንዘብ አይጠይቅም። መዋጮ የለውም። አንድ ቃል ከአፍ ማስቀረትና አንድ እጅ መሰብሰብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ለሟች ሦስት ቀን ድንኳን ሥር መሬት ላይ የምንቀመጥ ሰዎች፣ ለሕያው ይህችን ታህል ማድረግ ካቃተን በሞት ብቻ የምንፈላለግ ማኅበር ሆንን ማለት ነው። «በሞቴ» የሚለው ቃል ራሱ ይህን ይመስላል፤ በሞት ምሎ ማብላት! እኛ ደግሞ በሕይወት ያሉት እንዲቀመጡልን ነው የምንፈልገው።

በሩን ለዘጋው ቤተሰብም በዚህ ሰሌዳ በኩል እንናገራለን። ቦታችሁ ተጠብቋል። ልጃችሁም ከእናንተ ጋር ትምጣ። ማንም ምንም አያጎርሳትም፤ ማንም ስለ ፊቷ አይናገርም። ከጓደኞቿ ጋር ቀጤማው ላይ ትቀመጥ፤ ሲበቃት ትሂድ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ እኛም ብናብር ቢያንስ አንድን ምሳ ሰላማዊ ማድረግ አያቅተንም።

ለክርስትና እምነት ተከታዮች በሙሉ መልካም የትንሣኤ በዓል፣ ለሁላችንም ሰላምና ጤና እንመኛለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ሥራ አመራሩ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ወረቀት ከሰሌዳው ላይ መቅደድ ክልክል ነው። ቅጂ የሚፈልግ ከጽሕፈት ቤቱ ይጠይቅ።